የፖም ድፎ በተፍኪ

ጥር ነው፤ ቅዳሜ ማለዳ። በተፍኪ ሜዳ ላይ ሁለት ነጭ ነገር ተዘርግቷል፤ አንዱ ጉም ነው፣ ሌላው የኩበት ጭስ። እቴቴ ከማድ ቤታቸው ደጃፍ በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል፤ የኮባ ቅጠል ይወለውላሉ። እርጥቡን ጨርቅ ከቅጠሉ አንገት እስከ ጫፉ አንድ ጊዜ ያሳልፉታል፤ ገልብጠው ደግሞ አንድ ጊዜ። ወፍራሙን አንጓ በቢላዋ ገፈው ቅጠሉን እሳት ላይ ሲያሳልፉት አረንጓዴው ወዲያው ያበራል፣ ይለሰልሳል፣ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሰርግ ሲደገስ፣ ክርስትና ሲነሳ፣ የሰንበቴ ተራ ሲደርስ ድፎ የሚታዘዘው ከእሳቸው ነው። የዛሬው ኮባ ግን ለድፎ አይደለም። ሁለት ኪሎ የጨንቻ ፖም በዘንቢል ይዤ መጥቻለሁ፤ የምንጋግረው አፕል ፓይ ነው። ከሳምንት በፊት በስልክ «ኦቨን ሳይኖር እንዴት ይሆናል?» ብዬ ስጠይቃቸው «ድፎስ በምን ይጋገራል?» ብለው መልሰውልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቦታ መጋገር አላሰኘኝም።

መንገዱ ሁለት የሚሆንበት

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ዓለም ገና ሲደርስ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንዱ በሰበታና በተፍኪ አልፎ ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ ይቀጥላል። ሌላው ወደ ደቡብ ታጥፎ ቡታጅራን፣ ሆሳዕናንና ሶዶን አቋርጦ አርባ ምንጭ ያደርሳል። ለዛሬው ጋገራ ሁለቱም መንገዶች ድርሻ አላቸው። ኮረሪማው ከጅማ ማዶ ካሉት ደኖች ይመጣል፤ ፖሙ ደግሞ ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው የጋሞ ደጋ።

ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የብርድና የጉም ከተማ ናት። ፖም እዚያ የገባው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሚሲዮናውያን እጅ ነው። በኋላ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ችግኙን ለገበሬው በማዳረስ ብዙ ደክማለች። ዛሬ በእንሰቱ ጥግ የፖም ዛፍ ያቆመ የጋሞ ገበሬ ብዙ ነው፤ ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ችግኙንም ይሸጣል።

ፖም ለምን ደጋውን እንደመረጠ ማወቅ ተገቢ ነው። ዛፉ በዓመት አንድ ጊዜ መተኛት አለበት። የአውሮፓ ዝርያዎች ብዙዎቹ በደንብ ለማበብ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ከ800 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ብርድ ይፈልጋሉ። ይህን ያህል ብርድ ካላገኙ ቡቃያቸው ወይ ይዘገያል፣ ወይ ጭራሹን አይከፈትም። ስለዚህ ለእኛ ደጋ የሚሆኑት ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ናቸው። በእስራኤል የተዳቀለው «አና» እና በባሃማስ የተገኘው «ዶርሴት ጎልደን» ከ200 እስከ 300 ሰዓት ባለው ብርድ ያብባሉ። ሁለቱም በአገራችን ደጋ ታውቀዋል። በሞቃት አገሮች ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉን በእጅ የሚያራግፉ ገበሬዎችም አሉ። ቅጠሉ ሲረግፍ ዛፉ ብርዱን ወራት እንዳሳለፈ ሁሉ አዲስ ቡቃያ ያወጣል።

ከዘንቢሌ ያወጣኋቸው ፖሞች ትንንሾች ናቸው፤ ልጣጫቸው ጠንካራ፣ ጣዕማቸው ኮምጣጣ። ለመግመጥ ጣፋጭና ውኃማው ይመረጥ ይሆናል። እሳት ውስጥ ለሚገባ ግን ጠንካራውና ኮምጣጣው ይበልጣል፤ ቅርጹን ይይዛል፣ ከስኳሩም ጋር ይመዛዘናል። እቴቴ አንዱን ቆርሰው ቀመሱና ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ ለወጥም ይሆናል» አሉ።

ፖምና ስንዴን የፈለገው ሰው

እቴቴ ዱቄቱን በወንፊት እየነፉ ሳለ ስለ አንድ ሰው አጫወትኳቸው። ኒኮላይ ቫቪሎቭ ይባላል፤ የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ ነው። የሰው ልጅ የሚበላቸው አዝርዕት መጀመሪያ የት እንደበቀሉ ለማወቅ ዓለምን ዞሯል። በ1927 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ መጥቶ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቷል፤ በበቅሎ ተጉዞም በሺዎች የሚቆጠር የዘር ናሙና ሰብስቧል። በእኛ ማሳ ላይ ያየው የስንዴ ዓይነት ብዛት አስደንቆታል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1929 ደግሞ አልማ አታ ከተማ ደረሰ፤ የዛሬዋ የካዛኪስታን አልማቲ ናት። በዙሪያዋ ባሉት ተራሮች ጫካው ራሱ ፖም ሆኖ አገኘው። የፖም መነሻ ይህ ነው አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ የተደረጉ የዘረ መል ጥናቶችም የምንበላው ፖም ዋና አባት በቲየን ሻን ተራሮች የሚበቅለው የዱር ፖም መሆኑን አረጋግጠዋል።

ሰው እንዳይራብ ዘር ሲሰበስብ የኖረው ቫቪሎቭ በ1943 (እ.ኤ.አ.) በስታሊን እስር ቤት ተርቦ ሞተ። እቴቴ ወንፊታቸውን አቁመው «ነፍሱን ይማር» አሉ። ከዚያ መንፋታቸውን ቀጠሉ። እኔም ፖሙንና ስንዴውን በአንድ ትሪ ማገናኘታችን የዚያን ሰው ሁለት ጉዞዎች ማገናኘት መሰለኝ።

ጋገራው ራሱ ዕድሜ ጠገብ ነው። በእንግሊዝ በ1381 (እ.ኤ.አ.) የተጻፈ የፖም ፓይ አሠራር አለ፤ ፖም፣ በለስ፣ ዘቢብና ሳፍሮን ይዘረዝራል፣ ስኳር ግን የለበትም። ሆላንዶች በ1514 የራሳቸውን አሳትመዋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አሚሊያ ሲመንስ በ1796 ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት አሠራር ይገኛል። በጥንቱ እንግሊዝ የፓይ ሊጥ ብዙውን ጊዜ ለመብል አልነበረም፤ ወፍራምና ደረቅ ሆኖ ውስጡን እንዲይዝ የሚሠራ ዕቃ ነበር። ይህን ስነግራቸው እቴቴ የወለወሉትን ቅጠል አሳዩኝ። «እንደ ኮባ በያ!»

ጭኮው

የሠራነው ሊጥ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ የመጀመሪያው አልሆነም።

ፉርኖ ዱቄቱን፣ ቅቤውንና ውኃውን አቅርቤ ትንሽ ዘወር ስል እቴቴ እጃቸው እንደለመደው ሠሩ። ሁሉን ባንድ ላይ አደረጉት፤ በጡጫቸው ገፉት፣ ሰበሰቡት፣ ደግመው ገፉት። አርባ ዓመት ድፎ ያሸ እጅ ነው፤ ሊጡ በአምስት ደቂቃ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ። ስንዳምጠው ግን እንቢ አለ። እስከ ትሪው ጠርዝ እንወስደዋለን፣ ስንለቀው ይሰበሰባል።

ምክንያቱ ስንዴው ውስጥ ነው። የስንዴ ዱቄት ውኃ ሲያገኝ ሁለት ፕሮቲኖቹ ተያይዘው መረብ ይሠራሉ፤ ግሉተን የሚባለው ይህ መረብ ነው። መታሸት መረቡን ያጠነክረዋል። ለድፎ በረከት ነው፤ እርሾው የሚያወጣውን አየር ይይዛል፣ ዳቦው ይነፋል። ለፓይ ግን ጠላት ነው፤ መረቡ ከጠነከረ ቅርፊቱ ቆዳ ይሆናል። ስለዚህ ቅቤው ከውኃው ቀድሞ ዱቄቱን መልበስ አለበት። ቅባት የለበሰ ዱቄት ውኃ ቶሎ አይጠጣም፤ መረቡም አጫጭር ሆኖ ይቀራል። ሲበላ ፍርክስ የሚለው በዚህ ነው።

ሁለተኛውን ሊጥ ስንጀምር ቀዝቃዛውን ቅቤ በዱቄቱ መካከል በጣቶቼ ጫፍ እየፈረፈርኩ አሳየኋቸው። ትንሽ ካዩኝ በኋላ እጃቸውን አስገቡ። አንዴ፣ ሁለቴ ፈርፈር አድርገው ቀና አሉ።

«ይኼማ ጭኮ ነው!»

ቃሉ ትክክል ነበር። ጭኮ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ተለውሶ የሚሠራ ነው፤ የዚህ አገር የኦሮሞ ባለሙያዎች ያዘጋጁት ጭኮ ለወራት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ውኃ አይገባበትም፤ ዱቄቱን የሚይዘው ቅቤው ብቻ ነው። ለዚህም ነው አፍ ውስጥ የሚሟሟው። የፓይ ሊጥ መጀመሪያ ጭኮ ነው፣ ኋላ ዳቦ ይሆናል። መጽሐፍ ላይ ሁለት ገጽ የሚወስደውን ነገር እቴቴ በአንድ ቃል ዘጉት። ከዚያ በኋላ የሚነገራቸው አልነበረም። እጃቸው ከድፎ ወደ ጭኮ ተሻገረና ጡጫቸው ተፈታ፤ በጣት ጫፍ መሥራት ጀመሩ።

የቀረው የቅቤው መጠን ነበር። ሁሉም ቅቤ መድቀቅ የለበትም፤ ሽምብራ የሚያህል ቅቤ እዚህም እዚያም መቅረት አለበት። ሽምብራ በተፍኪ መለኪያነቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ተፍኪ ያለችበት የበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር በጥር የሚያደርሰው እሱን ነው። ከቅቤው አንድ ስድስተኛ የሚሆነው ውኃ ነው። ሊጡ እሳት ሲያገኝ ቅቤው ይቀልጣል፤ ውኃው እንፋሎት ሆኖ ሊጡን ከስር ይገፋዋል፤ ቅቤው የነበረበት ቦታ ክፍት ይቀራል። የቅርፊቱ ንጣፍ በንጣፍ መሆን ከዚህ ይመጣል። ንጥር ቅቤ ውኃው ስለወጣለት ይህን አይሠራም፤ የሚሰጠው እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ቅርፊት ነው። ለዚህ የሚሆነው ለጋ ቅቤ ወይም የገበታ ቅቤ ነው።

ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል፤ የሰው እጅ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ጥር ማለዳ መጀመራችን በከንቱ አልነበረም። ውኃውን ከእንስራ ቀዳን። የሸክላው ላብ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቀዘቅዘው ያደረ ውኃ ነው፤ ፍሪጅ አላስፈለገንም። መዳመጫ በሌለበት ጠርሙስ ይዳምጣል፤ ያን ቀዝቃዛ ውኃ ሞልተን ስንከድነው ደግሞ ሊጡን እየዳመጠ ያበርደው ጀመር። ሊጡ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ግማሽ ሰዓት ጥላ ውስጥ አረፈ። ሁለተኛ ስንዳምጠው በሄደበት ቀረ።

ውስጡ

ፖሙን እቴቴ ይልጣሉ፣ እኔ እከትፋለሁ። የተቆረጠ ፖም ዝም ከተባለ ይጠቁራል፤ በቢላዋው የተከፈተው ሥጋ ከአየር ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ሥራውን ይጀምራል። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ያስቆመዋል። ስኳሩ ላዩ ላይ ሲነሰነስ ፖሙ ያልባል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከጎድጓዳው ስር ጭማቂ ይጠራቀማል። ይህ ጭማቂ ካልተያዘ የታችኛውን ሊጥ ያረጥበዋል። ሌሎች የበቆሎ ስታርች ያደርጉበታል፤ እኛ ሁለት ማንኪያ ቡላ ነሰነስንበት። ቡላው ከእንሰት ነው፣ ኮባውም ከእንሰት ነው፣ ፖሙም ያደገው በእንሰት አጥር ውስጥ ነው። ሦስቱ የተገናኙት በእቴቴ ማድ ቤት ነው።

ስኳሩም ከዚህ ሜዳ ሩቅ አይደለም። አዋሽ ከጊንጪ በላይ ካሉት ተራሮች ወርዶ በበቾ ሜዳ ይተኛል፤ በክረምት ሜዳው ሐይቅ መስሎ ወፉ ሁሉ ይሰፍርበታል። ያው ውኃ በቆቃ አልፎ ወንጂ ይደርሳል። እዚያ ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1954 (እ.ኤ.አ.) የአገሪቱን የመጀመሪያ ዘመናዊ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ያስጀመረው በዚህ ወንዝ የሸንኮራ እርሻውን እያጠጣ ነው።

ቅመሙ ቀረፋ ነው፤ የትም አገር የፖም ጓደኛ እሱ ነው። እቴቴ ግን ኮረሪማ ፈለፈሉ። ዘሩን በሙቀጫ ሁለቴ መታ መታ አድርገው አሸተቱና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ በታች ጨመሩ። ያን ኮረሪማ ከቀመስኩ በኋላ ያለ እሱ መጋገር ትቻለሁ።

ስለ ከፍታም መናገር ያስፈልጋል። ተፍኪ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ፖሙ የሚበስለው በራሱ ጭማቂ ስለሆነ በባሕር ዳርቻ አገር ከተጻፈው ሰዓት ይዘገያል። የውጭ አገር መመሪያ አንብበው ፖሙ ጥሬ የቀረባቸው የአዲስ አበባ ጋጋሪዎች ችግራቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ፖሙን ቀጠን አድርጎ መክተፍና አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ መጨመር ነው።

ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት

ጭንቅ ሲበዛ «እንደ ድፎ ከላይ እሳት ከታች እሳት» እንላለን። እቴቴ ጋ ይህ የሥራ መመሪያ ነው።

ምጣዱ በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። ኩበቱ ነድዶ ፍም ሆኗል። እንጨት በሌለበት በዚህ ሜዳ ኩበት የድሃ ማገዶ ብቻ አይደለም፤ ነበልባሉ አጭር፣ ፍሙ ረጅምና የረጋ ስለሆነ ለጋገራ ይመረጣል። እቴቴ ቁንጥር ዱቄት ምጣዱ ላይ በተኑ። ዝም ብለው አዩት። ዱቄቱ ወዲያው ጠቆረ። «ተቆጥቷል» ብለው ፍሙን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ በተኑ፤ አሁን ቀስ ብሎ የስንዴ ቆሎ መልክ ያዘ። «ደኅና» አሉ። በኦቨን ቋንቋ 200 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው። እቴቴ ያለ ቴርሞሜትር ደረሱበት።

ሁለት ድርብ ኮባ ተነጠፈ፤ ትሪው በላዩ ተቀመጠ። የላይኛው ሊጥ እንፋሎት እንዲያስወጣ በቢላዋ አራት ቦታ ተሰነጠቀ። በላዩ አንድ ኮባ፣ በኮባው ላይ የቆርቆሮ ክዳን፣ በክዳኑ ላይ ፍም። ድፎ ኮባውን እስከ መጨረሻ ለብሶ ይጋገራል፤ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል። ፓይ ግን ደረቅ ፊት ይፈልጋል። ስለዚህ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሲሆን ክዳኑ ተነሥቶ የላይኛው ኮባ ወጣ፤ ክዳኑ ተመልሶ አዲስ ፍም ጨመርንበት።

ከዚያ እቴቴ አጎንብሰው ጆሯቸውን ወደ ክዳኑ አስጠጉ። እኔም ተጠጋሁ። መጀመሪያ የቅቤው ድምፅ ተሰማኝ፤ ቀጭን፣ ፈጣን። ቀስ እያለ ከስሩ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ እንደ ሽሮ። «ውስጡ ነው» አሉኝ። ቡላው ጭማቂውን የሚይዘው ሲፈላ ነው፤ ያ ድምፅ ካልተሰማ ፊቱ ምንም ያህል ቢቀላ አልበሰለም። ከመጀመሪያው አንሥቶ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ክዳኑ ተነሣ። ፊቱ የማር መልክ ይዟል፤ በስንጥቁ በኩል ጭማቂው ወጥቶ ጠርዙ ላይ ጠቁሯል። ከስሩ የተቃጠለ ኮባ ሽታ መጣ፤ የበዓል ዋዜማ ሽታ ነው።

በቤቱ መሞከር ለሚሻ መጠኑ ይህ ነው። ለሊጡ 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 200 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከ6 እስከ 8 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ። ለውስጡ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ፖም፣ 120 ግራም ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቡላ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ጥቂት ኮረሪማ፣ ግማሽ ሎሚ። ኦቨን ላለው በ220 ዲግሪ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በ190 ዲግሪ ከ40 እስከ 55 ደቂቃ። ረቡዕና ዓርብ፣ በሌላውም ጾም፣ በቅቤው ፈንታ ዘይት ይገባል፤ ንጣፉ ይቀራል እንጂ መፈርከሱ አይቀርም።

የሚቆርሰው

ፓይ ከእሳት እንደወጣ አይቆረጥም። ቡላው ሲቀዘቅዝ ነው የሚረጋው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይጠብቃል። ጎረቤት ግን አልጠበቀም፤ ሽታው ጠርቶት መጣ። ቡና ተቆላ። አንድ የሠፈሩ ሽማግሌ ተነሥተው ትሪውን እንደ ድፎ መርቀው ቆረሱት። ልጆቹ በእጃቸው ተቀበሉ። አንዷ ልጅ ንጣፉን አንድ በአንድ እያነሣች ስትበላ አየኋት፤ የእቴቴና የእኔ የማለዳ ሥራ በጣቶቿ መካከል ይቆጠር ነበር።

እቴቴ የፖሙን ፍሬዎች በወረቀት ጠቅልለው ሊተክሉ አስቀምጠዋል። እውነቱን ነገርኳቸው። ፖም ከዘሩ እናቱን አይመስልም፤ እያንዳንዱ ፍሬ ሌላ ዛፍ ነው። «አና»ን የሚፈልግ ከ«አና» ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ አጣብቆ ማብቀል አለበት። ከጨንቻ የሚመጣው ችግኝ ሁሉ በዚህ መንገድ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ የተላለፈ ነው። እቴቴ ጥቂት አስበው «እንግዲያ እንደ ሙያ ነው፤ አጠገቡ ካልቆምሽ አይተላለፍም» አሉ።

ያ ቃል አልተወኝም። ከተማው ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ እየሰፋ ነው፤ ወደ ተፍኪም እየቀረበ። በኮንዶሚኒየም ማድ ቤት ኩበት አይነድም፤ ኮባ የሚቆረጥበት ጓሮ የለም። ኦቨን መግባቱ ደግ ነው፤ ሴቶችን ከጭስ ያድናል። ዱቄት በትኖ እሳት የሚለካ ዓይን፣ በክዳን ላይ መብሰሉን የሚሰማ ጆሮ፣ ጭኮን ከዳቦ የሚለይ ጣት ግን ከጭሱ ጋር አብረው መውጣት የለባቸውም። እነዚህን ከእናቶቻችን አጠገብ ቆመን ካልተቀበልን ማንም አይሸጥልንም። እኔ የባዕድ ጋገራ ላስተምር ብዬ ሄጄ የራሴን አገር የእሳት ሙያ ተምሬ ተመለስኩ።

ከወራት በኋላ ኮክ በደረሰ ጊዜ ስልኬ ጮኸ። እቴቴ ነበሩ። ማንንም ሳይጠይቁ ከጓሯቸው ኮክ ለቅመው፣ ሊጡን እንደ ጭኮ ፈርፍረው፣ ቡላውን ጨምረው ጋግረዋል። ኮክ ከፖም ይልቅ ውኃ ስለሚበዛበት ቡላውን ሦስት ማንኪያ አድርገውታል፤ ይህን ማንም አልነገራቸውም።

«ከክዳኑ ስር ሰማሁት» አሉኝ። «አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ነገ ነይ፣ አስቀምጬልሻለሁ።»